ተማሪዎቼ ድርሰታቸውን በብሎግ ቢያወጡት ምን ትላላችሁ?

መምህር ከጣና ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ኮሌጅ የአማርኛ የፈጠራ ጽሑፍ አስተምራለሁ። ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ስለሆነ ለጣና ገና እንግዳ ነኝ ማለት ይቻላል። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

አሠራራችን እንደ ሌላው ቦታ ነው። ተማሪው ይጽፋል፣ በወረቀት ያስገባል፣ እኔ በቀይ እስክሪብቶ አርማለሁ፣ ነጥብ ሰጥቼ እመልሳለሁ። አለቀ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ የት እንደሚደርስ አስቤው አላውቅም ነበር።

ባለፈው ሰኔ ከግቢው በር ፊት ለፊት ከሚቀመጡ እናት ቆሎ ገዛሁ። በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ቆሜ ስበላ ወረቀቱ ላይ ቀይ ጽሑፍ አየሁ። የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው። «ልጅቷ እዚህ ጋ ለምን ዝም አለች?» ይላል። ቆሎውን ኪሴ ውስጥ ገልብጬ ወረቀቱን ዘረጋሁት። የአንዲት ተማሪዬ አጭር ታሪክ ሁለተኛ ገጽ ነው። አንዲት ልጅ ከአባቷ ጋር ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር በጀልባ ትመጣለች፣ የምትነግረው ትልቅ ነገር አላት፣ ግን መንገዱን ሙሉ ሳትናገር ይደርሳሉ። ጥሩ ታሪክ ነበር። ከሃያው 18 ሰጥቻታለሁ። በዚህ ዓለም ላይ ያነበብኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ። ከእኔ በኋላ የቆሎ መጠቅለያ ሆነ።

ይህ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። በመጪው ሴሚስተር 62 ተማሪ ይኖረኛል። ያሰብኩት እያንዳንዱ የራሱን ብሎግ እንዲከፍት፣ በየሦስት ሳምንቱ አንድ ጽሑፍ እንዲያወጣ፣ በድምሩ አምስት፣ ጓደኞቹም ሥሩ አስተያየት እንዲጽፉለት ነው። ወግም ይሁን፣ ግጥምም ይሁን፣ አጭር ልብ ወለድም ይሁን፣ ከፈለገም የሠፈሩን ነገር በፎቶ አስደግፎ።

አንድ የማከብራቸው አንጋፋ ባልደረባዬ ሐሳቡን አልወደዱትም። «ያልቦካ ሊጥ ምጣድ ላይ አይወጣም፣ ልጆቹን አደባባይ አውጥተህ ታሳፍራቸዋለህ» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም እፈራለሁ። የልጁ የመጀመሪያ ሙከራ ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ከአሥር ዓመት በኋላ ቀጣሪ ቢያገኘውስ? ስለ ቤተሰቡ የጻፈ ተማሪ ችግር ውስጥ ቢገባስ? ስልክ የሌለው፣ ዳታ መሙያ የሌለውስ? ነጥብ የምሰጠውስ ለጽሑፉ ነው ወይስ ለብሎጉ ማማር? በሌላ በኩል ያ የቆሎ ወረቀት አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የሞከራችሁ መምህራንም ተማሪዎችም ካላችሁ የሆነላችሁንም ያልሆነላችሁንም ንገሩኝ።


ደንገል፦

መምህር፣ እንደምን አሉ? እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ተምሬ ከጨረስኩ ሁለት ዓመቴ ነው። መምህራችን ብሎግ አስከፍተውን ነበር። ከአራት ዓመት ትምህርቴ እስካሁን ከነዝርዝሩ የማስታውሰው የቤት ሥራ ያ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጽሑፌ ስለ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት እዚህ ስለሆነ ጣናን የማውቅ መስሎኝ ነበር። ታሪኩ ላይ ሽማግሌው አመሻሽ ላይ ከሐይቁ ይመለሳል፣ ከደንገል ሣር የታሰረ ታንኳውን ውኃው ዳር አስተኝቶ ወደ ቤቱ ይገባል። እንዲህ ብዬ ጽፌ አወጣሁት። ክፍል ውስጥ ማንም ምንም አላለም። መምህሬም ያረሙልኝ ነጠላ ሰረዝ ነው። ከአራት ቀን በኋላ አንድ የማላውቀው ልጅ ሥሩ ጻፈ። ቃል በቃል ባይሆንም እንዲህ ነው ያለው፦ «እህቴ፣ አጎቴ ታንኳ ይሠራል። ጽሑፍሽን አነበብኩለት። ታንኳ ከውኃ ሲወጣ አይተኛም አለ፣ ይቆማል። ደንገሉ የጠጣው ውኃ ካልወረደለት ይበሰብሳል።»

በማግስቱ ሐይቁ ዳር ሄጄ አየሁ። እውነትም ታንኳዎቹ ዛፍ ተደግፈው ቆመዋል። ከታችኛው ጫፋቸው ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። ስንት ዓመት በአጠገባቸው አልፌያለሁ! አንዱን አባት «ላግዝዎት» ብዬ አብሬ ላነሣ ሞከርኩ። ሲደርቅ አንድ ሰው በትከሻው ይዞት የሚሄደው ነገር ሲርስ እጅ ይቆርጣል። ታሪኬ የተገኘው እዚያ ላይ ነው። ሽማግሌው ታንኳውን ያስተኛው ማቆም አቅቶት ነው፣ የሚያቆምለት ልጁ አዲስ አበባ ሄዷል። ይህን ከዚያ አስተያየት በፊት እኔ ራሴ አላውቀውም ነበር። እንደገና ጻፍኩት።

መምህሬ ይህን ሊያርሙልኝ አይችሉም ነበር፣ ታንኳ ሠሪ አይደሉማ። ለዚህ ነው ብሎጉን የምደግፈው።

ግን አንድ ነገር ይጠንቀቁ። አስተያየት መስጠት በነጥብ ሲያዝ የክፍል ጓደኞቼ «በርቺ»፣ «ያምራል»፣ «ዋው» ብቻ ነበር የሚጽፉት። አንዱ ልጅ በአንድ ማታ ለሃያ ሰው «ጥሩ ነው ቀጥል» ብሎ ለጥፎ ተኛ። ሴት ነኝ እኮ፣ «ቀጥል» ነው ያለኝ። አስተያየት ሰጪው ከጽሑፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድቶ ስለዚያ ዓረፍተ ነገር ብቻ እንዲናገር ወይም አንድ ጥያቄ እንዲጠይቅ ያድርጉ። በኋላ እንደዚያ ሲባል ነው ነገሩ የተስተካከለው።


የጎንጅ ልጅ፦

ወንድም ዓለም፣ ያ አንጋፋ ባልደረባህ ያሉት ልክ ነው። አንተ ያሰብከውም ልክ ነው። የጎደለው ቅደም ተከተሉ ነው።

ልጅ ሳለሁ ጥቂት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቻለሁ። አሁን ሁለተኛ ደረጃ አማርኛ አስተምራለሁ። ቅኔ ቤት ተማሪው መጀመሪያ ብቻውን ይሆናል። ዛፍ ሥር ወይም ድንጋይ ላይ ሰው ከማይደርስበት ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ያን ሰዓት ማንም አይጠጋውም። የኔታም ቢሆኑ «እስቲ ምን ደረስክ?» አይሉትም። ሲደርስለት የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታ ያርማሉ፣ «ይህን ቃል ለውጠው፣ ሰሙ ከወርቁ አልተገናኘም» ይላሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን በጓደኞቹ ጆሮ ነው። በዙሪያው የተቀመጠው ሁሉ ይሰማል፣ በአንዱ ስሕተት ሌላው ይማራል። እኔ ከራሴ እርማት ይልቅ አጠገቤ ይቀመጥ ከነበረ ልጅ እርማት ነው ብዙ የያዝኩት። በቤተ ክርስቲያን፣ በሕዝብ ፊት የሚቀኘው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ለብቻ፣ ከዚያ በጉባኤ፣ ከዚያ በአደባባይ ነው። አንተ ከመጀመሪያው በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ልትዘል ነው ያሰብከው። ባልደረባህ ደግሞ ሦስተኛውን ጨርሶ ሊዘጉት ነው። መሐል ያለው ጉባኤው ነው ዋናው።

ሌላም አለ። ጀማሪ በመወድስ አይጀምርም። መወድስ ስምንት ቤት ነው። የሚጀመረው በጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ቤት ብቻ። ሁለት ቤት ውስጥ ሰምም ወርቅም ማግባት የቻለ ሰው ወደ ሦስት ይሄዳል፣ እያለ እያለ ይወጣል። ያንተ ተማሪዎች የመጀመሪያ ጽሑፍ አሥር መስመር ይሁን። አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ሰዓት። ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ውስጥ በርበሬ የምትሰፍር ሴት እጅ ብቻ። አምስት ገጽ አጭር ልብ ወለድ በመጀመሪያው ሳምንት ስትጠይቀው ልጁ ከፌስቡክ ቀድቶ ያመጣልሃል። አሥር መስመር ስለ ሠፈሩ ስትጠይቀው የሚቀዳበት ቦታ የለም።

ስለ ቃሉም ልጨምር። ብሎግን በአማርኛ ጦማር ማለት ከተለመደ ቆይቷል። ጦማር በግዕዝ ደብዳቤ ነው፣ የተላከ ጽሑፍ። ለእኔ ይህ ስያሜ ብዙ ይናገራል፣ ደብዳቤ ተቀባይ አለውና። ነገር ግን በሚያዝያ 2006 ስለ ፖለቲካ በብሎግ ይጽፉ የነበሩት የዞን 9 ጦማሪያን ከታሰሩ ወዲህ ቃሉን ሲሰማ የሚደነግጥ ወላጅ አለ። አንዲት እናት «ልጄን ጦማሪ አታድርጉብኝ» ብላ ትምህርት ቤታችን ድረስ መጥታ ታውቃለች። በሴሚስተሩ መጀመሪያ ለልጆቹ ምን እንደሚጻፍ፣ ለምን እንደሚጻፍ በግልጽ አስረዳቸው። ቤታቸው ሄደው እንዲናገሩ።


ስሜ ይቅር፦

ደንገል እህቴ፣ ያንቺን ሳነብ ደስ አለኝ። የእኔ ግን እንዲህ አልሆነም። መምህር እንዲያውቁት ብዬ ነው የምጽፈው።

እናቴ ጠላ ትሸጣለች። እኔን ያስተማረችኝ በጠላ ነው። ኮርሱ ላይ «የምታውቁትን ጻፉ» ተባልን። የማውቀው እሷን ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ ጋን ስታጥን፣ ሳንቲም በዓይነት በዓይነቱ ስትደረድር፣ ለእኔ መመዝገቢያ ከእድር የተበደረችውን ለጎረቤት እንዳይሰማ እንዴት እንደደበቀችው ጻፍኩ። ስሟን ቀይሬያለሁ። ቀበሌውንም አልጻፍኩም። ነገር ግን በራችን ላይ ሰማያዊ ቀለም በተቀባ የመኪና ጎማ ውስጥ ጤና አዳም ተክላለች፣ ያንን ጽፌዋለሁ። ያምር ስለነበረ ነው የጻፍኩት። ባሕር ዳር ትልቅ ከተማ ትመስላለች እንጂ ሠፈር ሠፈር ነው። ያን ጎማ የማያውቅ ሰው የለም።

በአምስተኛው ቀን አንዱ የጎረቤት ልጅ ለእናቱ አነበበላት። ማታ ስገባ እናቴ ምንም አልተቆጣችም። «ልጄ፣ ይህን ለሰው ነገርሽው?» ብቻ ነው ያለችኝ። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ጽሑፉ ይውረድልኝ ብዬ ጠየቅሁ። ብሎጉ የጋራ ነበር፣ መክፈቻው ያለው መምህሩ ጋ ነው። «ነጥብ እስኪያያዝ ይቆይ» ተባልኩ። ሦስት ሳምንት ቆየ። ሦስት ሳምንት በዚያ መንገድ አልሄድኩም፣ በጀርባ ነበር የምዞረው።

ስለዚህ መምህር፣ እባክዎት፣ የይለፍ ቃሉ ተማሪው እጅ ይሁን። ላውርደው ካለ በዚያው ደቂቃ ማውረድ ይቻል፣ ለምን ተብሎ አይጠየቅ፣ ነጥቡም አይነካ። ስም መቀየር ብቻ እንደማይበቃም ያስተምሯቸው። ሰው የሚታወቀው በስሙ ብቻ አይደለም። እኔ ዛሬም እጽፋለሁ። ስለ ሌላ ሰው ስጽፍ መጀመሪያ ለዚያ ሰው አነብለታለሁ። እናቴ አሁን ራሷ «ይህን ጻፊው፣ ይህን ተዪው» ትለኛለች።


አባይ ማዶ፦

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? የቴሌግራም ቻናል ክፈቱ። ሁሉም ልጅ አለው፣ ዳታ አይበላም፣ አስተያየት መስጫም አለው። ብሎግ ማን ይከፍታል አሁን?


ፊደል ለቃሚ፦

አባይ ማዶ ወንድሜ፣ ዳታውን በተመለከተ ልክ ነህ። ግን ቴሌግራም እንደ ወንዝ ነው፣ የዛሬው የትናንቱን ይዞት ይሄዳል። በመስከረም የተጻፈን ታሪክ በጥር ለማግኘት ጣት እስኪደክም ወደ ላይ መሳብ ነው። ብሎግ ላይ እያንዳንዱ ጽሑፍ የራሱ አድራሻ አለው፣ ጉግል ላይ ፈልጎ የማያውቅህ ሰው ይደርስበታል። ያ የታንኳ ሠሪው የወንድም ልጅ ደንገልን ያገኛት እንደዚያ ይመስለኛል። እኔ ብሆን ጽሑፉን ብሎግ ላይ አስቀምጬ ሊንኩን በቴሌግራም እበትነዋለሁ።

እኔ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ለተማሪም ጽሑፍ አስተካክላለሁ። መምህር ያልጠየቁትን ልንገርዎት፣ ምክንያቱም በመጀመሪያው ሳምንት የሚገጥምዎት ይህ ነው። ብዙ ጽሕፈት ቤት ዛሬም በድሮዎቹ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፊደሎች ይጽፋል። እነዚያ ፊደሎች የአማርኛውን ቅርጽ የላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነው የሚስሉት። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው አማርኛ አይደለም። ስለዚህ ተማሪው ቀድቶ ብሎጉ ላይ ሲለጥፈው የማይነበብ ዝባዝንኬ ይወጣል። ልጁ የተሳሳተ ይመስለዋል፣ ያፍራል፣ ይተወዋል። ስንቱ እንደዚህ ሆኖ እኔ ጋ መጥቷል። መፍትሔው ከመጀመሪያው በዩኒኮድ፣ ኮምፒውተር ሁሉ በሚግባባበት የፊደል ቁጥር፣ መጻፍ ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ እያንዳንዷ ሆሄ የራሷ ቁጥር አላት። ስልክ ላይ የሚጻፈው ሁሉ ዩኒኮድ ነው፣ ስለዚህ ላፕቶፕ የሌለው ልጅ እዚህ ላይ ይበልጣል እንጂ አያንስም።

አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ እየመቱ አይጻፉት። መስመሩ ሲያልቅ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ይቀራል። ዓባይን በአንድ ቦታ በዓይኑ ዐ፣ በሌላ ቦታ በአልፋው አ የሚጽፍ ልጅም ጽሑፉን ፈላጊ አያገኝለትም፣ ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸውና። አንዱን መርጦ ይጽና።

ብሎገር በሚባለው የብሎግ መክፈቻ ላይ ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ አንባቢን መገደብ ይቻላል። ባለቤቱ የጋበዘው ሰው ብቻ ያያል። ከፍለጋ እንዲሰወር ማድረግም ይቻላል። አስተያየትም ባለቤቱ ሳያየው እንዳይወጣ መያዝ ይችላል። የጎንጅ ልጅ ያሉት ጉባኤ በዚህ ይሠራል። ሌላው የብሎግ መክፈቻ ዎርድፕሬስ ደግሞ ጽሑፉ በተቀመጠ ቁጥር የቀድሞውን ቅጂ ያቆያል። ልጁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ምን እንደለወጠ ማየት ለሚፈልግ መምህር ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ የተቀዳውንም ከተጻፈው ለመለየት ይረዳል።

መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ልጅ ቅጂውን ፍላሽ ላይ ወይም ደብተሩ ላይ ያስቀር። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ነው የቆየው። ብሎግ ላይ ብቻ የነበረው ሁሉ ከባለቤቱ ራቀ። ኢንተርኔት በሌለ ሳምንት ጽሑፉ በወረቀት ይግባ፣ ቀን ያለፈበት አይባል። ይህን አስቀድመው ካልጻፉት ሲመጣ የሚጎዳው ደኻው ተማሪ ነው።


መምህርት ነኝ እኔም፦

ስሜ ይቅር፣ እናትሽን ሳላውቃት ወደድኳት። እግዜር ያቆይልሽ።

መምህር፣ እኔ ይህን አራት ሴሚስተር ሠርቼበታለሁ። አንድም ሰው ያላነሣልህ ነገር ያንተ ጊዜ ነው። 62 ተማሪ በአምስት ጽሑፍ 310 ነው። አንዱን በአሥር ደቂቃ ብታነብ 3100 ደቂቃ፣ ወደ 52 ሰዓት። አሥር ደቂቃ ደግሞ ለማንበብ እንጂ መልስ ለመጻፍ አይበቃም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም አነባለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። በሰባተኛው ሳምንት ላይ መልስ መስጠት አቆምኩ። ያኔ ምን ሆነ መሰለህ? ልጆቹም መጻፍ አቆሙ። አንዱ መጥቶ «መምህርት፣ ባዶ ቤት ውስጥ እያወራሁ መሰለኝ» አለኝ። ያን ንግግር አልረሳውም። ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ ስለወጣ ብቻ አንባቢ አገኘ ማለት አይደለም። መልስ የማያገኝ ብሎግ ካንተ የቆሎ ወረቀት አይሻልም።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ክፍሉን በትንንሽ ቡድን እከፍላለሁ። ላንተ አሥር ቡድን ይሆናል፣ ስምንቱ ስድስት ስድስት፣ ሁለቱ ሰባት ሰባት ልጅ ይይዛሉ። አምስቱንም ጽሑፍ ቡድኑ ያነባል። እኔ ከእያንዳንዱ ልጅ ሁለቱን ብቻ በደንብ አነባለሁ፣ የትኞቹን እንደሆነ የሚመርጠው ልጁ ነው። 124 ንባብ በሩብ ሰዓት 31 ሰዓት ነው፣ ይቻላል። አደባባይ መውጣት ያለበት አንድም የለም። የፈለገ ያወጣል፣ ያልፈለገ በቡድኑ ዘንድ ይቀራል፣ ነጥቡ እኩል ነው። በመጀመሪያው ወር የሚያወጣው ጥቂት ነው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ግን አብዛኛው በራሱ ፈቃድ ያወጣዋል፣ ምክንያቱም ስድስት ሰው አንብቦለት ምንም እንዳልሆነ አይቷል።

ነጥቡን ለብሎጉ መልክ አትስጥ። እኔ የምሰጠው በመጀመሪያውና በመጨረሻው ቅጂ መካከል ላለው ለውጥ ነው። ደንገል ታንኳውን ስታቆመው ያደረገችው ለውጥ፣ ያ ነው ነጥብ የሚያሰጠው።

ይህ ነገር በሌላ አገርም አዲስ አይደለም። አሜሪካ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪውም ለመምህሩም ብሎግ የከፈተው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። የሜሪ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ደግሞ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተማሪው የራሱን የድረ ገጽ ስምና ቦታ ይሰጠዋል፣ ሲመረቅ ይዞት መሄድ ይችላል። እኔ የወደድኩት ይህን ሁለተኛውን ነው። የኮሌጅ ስም የተለጠፈበት የጋራ ገጽ ውስጥ የተማሪው ጽሑፍ ተከራይ ነው። ሰው በነፃ ድረ ገጽ ይከፍትበት የነበረውን ጂኦሲቲስን የምታስታውሱ ካላችሁ፣ ያሁ በ2009 እ.ኤ.አ. ሲዘጋው የስንቱ ሰው ጽሑፍ አብሮ ሄደ።

በእኛም ሕግ ጽሑፉ የጻፈው ሰው ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራው እንደተፈጠረ ይጠብቀዋል፣ መመዝገብ አያስፈልግም። መብቱ ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ይህን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስነግራቸው ፊታቸው ይለወጣል። አንድ የሃያ ዓመት ልጅ «አሁን የጻፍኩት የእኔ ነው? ለልጆቼም ይተርፋል?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል።


መምህር ከጣና ዳር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ቀን የጠፋሁት እያሰብኩበት ስለነበር ነው።

ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። መጀመሪያ በአሥር መስመር፣ በደብተር፣ ለብቻ። ከዚያ አሥሩ ቡድን። ብሎጉን ተማሪው በራሱ ስም ወይም በብዕር ስም ይከፍታል፣ ቁልፉ እሱ ጋ ነው፣ የጋበዛቸው ብቻ ያዩታል። አደባባይ ማውጣት ከፈለገ ያወጣል፣ ማውረድ ከፈለገ ያወርዳል፣ አልጠይቀውም። ኢንተርኔት ሲጠፋ ወረቀት። ስሜ ይቅር ያለችውን ስለ ጎማው አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ እሰጠዋለሁ፣ ከፈቀደች። ሰው በምን በምን እንደሚታወቅ ተማሪዎቹ ከራሳቸው ሠፈር እንዲያመጡ አደርጋለሁ።

ባልደረባዬን አነጋገርኳቸው። ስለ ቅኔ ቤቱ ስነግራቸው ዝም አሉ፣ ከዚያ «ጉባኤውን ከሠራህ እኔም አንዱን ቡድን እይዝልሃለሁ» አሉኝ። አልጠበቅሁም ነበር።

ሌላም ነገር ሆኗል። ትናንት ያቺን ተማሪ ፈልጌ አገኘኋትና የቆሎውን ወረቀት መለስኩላት። ይቅርታም ጠየቅኋት። ገልጣ የእኔን ቀይ ጽሑፍ አነበበችው። «መምህር፣ ለዚህ እኮ መልስ ነበረኝ» አለችኝ። «ከዘጌ በጀልባ መጥተው ያውቃሉ?» አላውቅም። «ሞተሩ ይጮኻል። አጠገብዎ የተቀመጠውን ሰው እንኳ አይሰሙትም። አባቴ ጆሮው ትንሽ ይደክማል፣ እንዲሰማኝ መጮህ ነበረብኝ፣ ጀልባው ደግሞ በሰው ሞልቷል። የምነግረው በጩኸት የሚነገር ነገር አልነበረም።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «የት ላይ ልጻፈው? ወረቀቱ እኮ ታርሟል» አለችኝ።

አሁን ሞተሩን ታሪኩ ውስጥ እያስገባች ነው። ነገ ጠዋት እኔም በዚያ ጀልባ ዘጌ ልሄድ ነው። ታሪኩን ስትጨርሰውና አባቷ ሰምተው ሲፈቅዱ፣ እሷም ከወደደች፣ ሊንኩን እዚሁ አስቀምጥላችኋለሁ።